ከወሎ እርከን እስከ ካሉብ ጋዝ፦ የተቆፈረን መሬት ማን ይመልሰዋል?



መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ማምረቻ የመጀመሪያው ምዕራፍ ሲመረቅ ብዙዎቻችሁ ደስታችሁን ጽፋችሁ አንብቤአለሁ። ደስ ይበላችሁ፤ መኖሩ ከታወቀ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሀብት ነው። ከእናንተ አንዱ ግን በውስጥ መስመር አጭር ጥያቄ ላከልኝ፦ «ቲቸር፣ ጋዙ ያለቀ ዕለት መሬቱስ ምን ይሆናል?»

እኔ የነዳጅ መሐንዲስ አይደለሁም፤ የታሪክ መምህር ነኝ። ነገር ግን ጥያቄው የጋዝ ብቻ አይደለም። የተጎዳ መሬት እንዴት ይመለሳል? ማን ይመልሰዋል? ከተመለሰ በኋላስ ማን ይጠብቀዋል? ይሄን ጥያቄ እኛ የወሎ ሰዎች ቀደም ብለን ተጠይቀናል፤ መልሱንም በአካፋና በዶማ ሞክረነዋል። የተሳካልን አለ፣ ያልተሳካልንም አለ። ስለዚህ ወደ ካሉብ ከመሄዳችን በፊት እስቲ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ጠመዝማዛ እየወረድን በመስኮት እንይ።

ዳገቱ ላይ እንደ ደረጃ ተደርድሮ የምታዩት የድንጋይ ካብ አብዛኛው የጥንት ሥራ አይደለም፤ የአባቶቻችንና የእናቶቻችን ሥራ ነው። ከእናንተ መካከል እናቱ ድንጋይ የተሸከመችበት፣ አባቱ ጉድጓድ የቆፈረበት ልጅ ብዙ ነው። እንዴት እንደተጀመረ ግን በቤት ውስጥ ብዙም አይወራም፤ ምክንያቱም ታሪኩ የሚጀምረው ከረሃብ ነው።

*

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ የንጉሡን መንግሥት ስም ይዞ ወደቀ። ዝናብ መቅረቱን ሁሉም ያነሳል። ከዝናቡ ጀርባ ግን መሬቱ ራሱ ነበር። ጢሰኛው ነገ ይነጠቅ ይሆናል ብሎ በሚያስበው ማሳ ላይ ካብ ለመካብ ምን ያተጋዋል? ሰው ሲበዛ እርሻው ወደ ገደሉ ወጣ፤ ዳገቱ ታረሰ፤ በልግም ክረምትም የሚዘንበው ውኃ አፈሩን እየጠረገ ወደ ቦርከና አወረደው። ከዚያም አዋሽ ይዞት ወደ አፋር ይወርዳል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ታወጀ። ጭሰኝነት ቀረ፤ የገበሬ ማኅበር ተቋቋመ። መሬትን መልሶ የማዳኑ ዘመቻ በዚህ በገበሬ ማኅበር ትከሻ ላይ የወጣ ነው። ማኅበሩ ሰው ይጠራል፣ ሰው ይወጣል፣ የሥራ ቀን ይቆጠራል።

ክፍያው እህል ነበር። የዓለም የምግብ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ትልቅ የ«ምግብ ለሥራ» ፕሮጀክት አካሄደ፤ በአፍሪካ ከነበሩት ሁሉ ከትላልቆቹ አንዱ ነበር። ለአንድ ቀን ሥራ 3 ኪሎ እህልና 120 ግራም ዘይት። ይህን ቁጥር ልብ በሉልኝ። እርከኑን ያቆመው ይሄ 3 ኪሎ ነው፤ ኋላ እንደምናየው ያፈረሰውም ከፊሉ እሱው ነው።

በ1977 ዓ.ም. ሁለተኛው ረሃብ ሲመጣ፣ ባቲና ቆረም በሰው ሲሞሉ፣ ሥራው ይበልጥ ሰፋ። በመላ አገሪቱ በመቶ ሺህ በሚቆጠር ኪሎ ሜትር የአፈርና የድንጋይ እርከን ተሠራ፤ ችግኝ በመቶ ሚሊዮኖች ተተከለ፤ ዳገቶች ከከብትና ከማረሻ ተከለሉ። በእጅ ብቻ። በዚያ ዘመን በዓለም ላይ ይህን ያህል መሬት በሰው ጉልበት ለማዳን የሞከረ አገር ብዙ አልነበረም።

*

በዚሁ ጊዜ ከደሴ ብዙም ሳይርቅ ሌላ ጸጥ ያለ ሥራ ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1981 የስዊዘርላንዱ ተመራማሪ ሐንስ ሁርኒ ከግብርና ሚኒስቴር ጋር የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክትን ሲያቋቁም የመጀመሪያው ጣቢያ የተተከለው ማይባር ላይ ነው። ኋላ አንዲት ጥድ፣ አንጀኒ፣ ጉኑኖ፣ ሁንዴ ላፍቶ፣ ዲዚና በኤርትራ አፍዴዩ ተጨምረው ጣቢያዎቹ ሰባት ሆኑ። ግን በኩሩ የኛው ማይባር ነው።

ማይባር ላይ ምን ይሠሩ ነበር? ቀላል ነው፤ ይለኩ ነበር። ስንት ሚሊ ሜትር ዘነበ፣ ወንዙ ስንት ወረደ፣ በውኃው ውስጥ ስንት አፈር አለ። ዝናብ በመጣ ቁጥር፣ ቀንም ሆነ ሌሊት። ከእነዚህ ጣቢያዎች ልኬት ተነሥቶ ሁርኒ ባወጣው ግምት በደጋው የታረሰ መሬት ላይ ከአንድ ሄክታር በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር ይታጠባል። ይህ ማለት 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። «4 ሚሊ ሜትር ምን አላት?» ትሉ ይሆናል። በ10 ዓመት 4 ሴንቲ ሜትር ናት። የወሎ ዳገት ላይ ያለው አፈር ደግሞ ከመጀመሪያውም ስስ ነው። ተፈጥሮ በዓመት የምትሠራው አዲስ አፈር ከሚታጠበው እጅግ ያንሳል።

የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣው የኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ጥናትም ተመሳሳይ ነገር ነው ያለው። 27 ሚሊዮን ሄክታር፣ ማለትም የደጋው ግማሽ ያህል፣ በጉልህ ተሸርሽሯል፤ 14 ሚሊዮኑ ክፉኛ፤ ከ2 ሚሊዮን በላይ የሚሆነው ደግሞ እርሻ ሊሆን እንዳይችል ሆኖ።

እንግዲህ ችግሩ ታወቀ፣ ተለካ፣ ሰው ወጣ፣ እርከኑ ተሠራ። ታዲያ ምን ጎደለ?

*

የጎደለው ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ታየ። ደርግ ሲወድቅ በወሎም በሌላውም ቦታ «የማኅበር ደን» የተባለው ብዙው ተቆረጠ። የተከለለው ዳገት ከብት ገባበት። እርከኑ በየማሳው ፈረሰ፤ ድንጋዩ ለቤትና ለአጥር ሄደ። በዚያ ሰሞን ሰኞ ገበያ የአጣናና የማገዶ ተራ ላይ የቆመ ሰው የተራራውን ዜና ሬዲዮ ሳይከፍት ይሰማው ነበር።

ብዙ የተማሩ ሰዎች «ገበሬው አላወቀበትም» አሉ። ይሄ ስድብ ነው፤ ስህተትም ነው። ገበሬው በደንብ ነው ያወቀው። ነገሩን በእሱ ቦታ ሆናችሁ አስቡት።

ዳገቱ ሲከለል የከብቱ ግጦሽ ተወሰደበት፤ ሣሩን ማን እንደሚያጭድ ግን አልተነገረውም። ዛፉን የተከለው በእጁ ነው፤ ቢያድግ የማን እንደሆነ ግን አያውቅም። የመንግሥት ነው? የማኅበሩ ነው? የሱ ነው? ማሳው ውስጥ የገባው እርከን ከጥማዱ ላይ ቦታ በላ፣ በሬ ማዞሪያ አሳጣ፣ አይጥ አስጠለለ፤ የት ይለፍ ሲባል ግን አልተጠየቀም። መሬቱም በየጊዜው እየተሸነሸነ ስለሚከፋፈል፣ ዛሬ የካበው ካብ ለከርሞ የጎረቤት ሊሆን ይችላል። በእጁ የገባው እርግጠኛ ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ 3 ኪሎ እህልና 120 ግራም ዘይት። እሱም ለሠራበት ቀን ነው፤ ለመጠበቅ የሚከፈል አልነበረም። እህሉ ሲቆም እርከኑ ጌታ አጣ።

ተመራማሪው ደሳለኝ ራህመቶ ስለ ሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ የአካባቢ ፖሊሲ ሲጽፉ ይሄንኑ ነው የነቀፉት፤ ከላይ የወረደ ዘመቻ፣ የመሬቱን ሰው ሠራተኛ እንጂ ባለቤት ያላደረገ ዘመቻ።

አሁን ደግሞ ሌላውን ወገን ስሙ፤ እኔን በጣም የሚገርመኝ ይሄኛው ነው። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክረሚ በጣልያን ወረራ ዘመን በወሎ የተነሡ ፎቶግራፎችን ይዞ፣ ከ60 ዓመት ገደማ በኋላ እየዞረ እነዚያኑ ቦታዎች አነሣቸው። ሁላችንም የምንጠብቀው አንድ ነገር ነው፤ ድሮ ደን፣ ዛሬ ራቁት ተራራ። ያገኘው ግን ተቃራኒውን ነው። በብዙዎቹ ቦታዎች ዛሬ ያለው ዛፍ ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይበልጥ ነበር። ጽሑፉን እ.ኤ.አ. በ1998 ሲያወጣም «የወሎ የደን መራቆት እውነት ነው ወይስ ቅዠት?» የሚል መንፈስ ያለው ርእስ ነበር የሰጠው።

ዛፉን ማን ተከለው? ብዙውን ገበሬው ነው። የት? በጓሮው፣ በደጁ፣ በማሳው ዳር። ያለ ዘመቻ፣ ያለ ዘይት፣ ያለ ካድሬ። አብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ ጽድንና ወይራን አይተካም፣ የታጠበ አፈርም አይመልስም። ይሄን ሳልደብቅ ነው የምናገረው። ቢሆንም ነጥቡ ግልጽ ነው። በዚያው አገር፣ በዚያው ሕዝብ፣ በዚያው ዘመን፣ ባለቤቱ ያልታወቀው ዛፍ ተቆረጠ፤ ባለቤቱ የታወቀው ቆመ።

ሁሉም ተቆረጠ ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። የተረፉ ክልሎች አሉ። የተረፉትን ለምን ተረፉ ብላችሁ ስትጠይቁ የምትሰሙት ተቀራራቢ ነው። ሣሩ በዓመት መቼ እንደሚታጨድና ለማን እንደሚደርስ ቀድሞ ተነግሯል፤ ዘቡን የሚቀጥረው አካባቢው ራሱ ነው፤ ጥሶ የገባን ደግሞ ከወረዳው በፊት ቅሬው ይጠይቀዋል። በኛ አገር ቅሬ ያወገዘውን ሰው ማን ይቀብረዋል? ሕግ ማለት ይሄ ነው።

*

አሁን ወደ ካሉብ እንሂድ።

የኦጋዴን ቁፋሮ ካሰብነው በላይ የቆየ ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1937 ዓ.ም. ለአሜሪካው ሲንክሌር ኩባንያ የፍለጋ ፈቃድ ሰጡ። ኩባንያው ለዓመታት ቆፈረ፣ ለንግድ የሚበቃ አላገኘም፣ ሄደ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ሌላው የአሜሪካ ኩባንያ ቴኔኮ በካሉብ ጋዝ አገኘ። አብዮቱ መጣ፣ ቴኔኮም ወጣ። ከዚያ የሶቪየት ባለሙያዎች መጡ፤ በካሉብና በሒላላ ቆፈሩ፤ መንግሥት ሲለወጥ እነሱም ሄዱ። ቀጥሎ ሌሎች መጡ፣ ሄዱ። ሰኔ 21 ቀን 2010 ዓ.ም. ከሒላላ የሙከራ ድፍድፍ ነዳጅ ወጣ ተብሎ ተበሰረ። ከዚያ የውሉ መሰረዝ፣ ከዚያ ሌላ ውል፣ ከዚያ የመስከረሙ ምረቃ።

በዚህ ሁሉ መምጣትና መሄድ ውስጥ አንድ ያልሄደ አለ፤ የአካባቢው አርብቶ አደር። ግመሉ በዚያ ይሰማራል፣ ውኃውን ከዚያ ይጠጣል። ሁሉም ኩባንያ ሲሄድ የቀረለትን ይዞ የቀረው እሱ ነው።

የጋዝ ጉድጓድ መሬትን እንዴት እንደሚጎዳ ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ከሐረጎ ዳገት ጋር ያለው ዝምድና ያኔ ይገባችኋል። መጀመሪያ ሰፊ ቦታ ይደለደላል፤ የላይኛው ለም አፈር ይገፈፋል። ከባድ መኪና እየተመላለሰ መሬቱን ስለሚጠቀጥቀው ዝናብ ሲመጣ አይሰርግም፤ ይንሸራተታል። ወደ ጉድጓዱ የሚወስደው መንገድ ውኃ ይሰበስብና ቦረቦር ይከፍታል። ከመቆፈሪያው የሚወጣው ጭቃና ጨዋማ ውኃ በጉድጓድ ይጠራቀማል፤ በወጉ ካልተያዘ ወደ አፈርና ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ይሰርጋል። ቦረቦሩን እኛ እናውቀዋለን፤ ጨዋማው ውኃና ኬሚካሉ ግን አዲስ ነው።

መልሶ ማዳኑም ሥርዓት አለው። ጉድጓዱ በሲሚንቶ ይደፈናል፤ ቱቦው ከመሬት በታች ይቆረጣል፤ የጭቃው ጉድጓድ ተጠርጎ ይዘጋል። የተጠቀጠቀው መሬት በጥልቀት ይታረሳል፤ ዳገቱና ቁልቁለቱ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለሳል። ከመጀመሪያው ለብቻው ተከምሮ የቆየው ለም አፈር ይለበሳል፤ የአገሩ ሣርና ቁጥቋጦ ይዘራል። ከዚያ ለዓመታት ይታያል። ልብ በሉ፤ የላይኛው አፈር ለብቻው ካልተከመረ በ30 ዓመት ውስጥ የሚመጣ ደግ ሰው ሁሉ ቢሰበሰብ አያገኘውም። ስለዚህ መልሶ ማዳን የሚጀምረው ቁፋሮው ሲያልቅ ሳይሆን የመጀመሪያው ዶዘር ከመግባቱ በፊት ነው። እንደ ኦጋዴን ባለ ደረቅ አገር ደግሞ ሣሩ ራሱ ተመልሶ ለመቆም ረጅም ዓመታት ይወስዳል።

ሥጋቱ ከሰማይ የወረደ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በካሉብ አካባቢ የሚኖሩ ሰዎች በማይታወቅ ሕመም እየተሠቃየን ነው፣ ምክንያቱም ከጋዝ ሥራው የሚወጣ ቆሻሻ ነው ብለው ለውጭ ጋዜጠኞች ተናግረው ነበር። መንግሥት አስተባብሏል። ማን ትክክል እንደሆነ ከደሴ ተቀምጬ አልፈርድም። የምለው ግን አንድ ነገር አለ፤ ማይባር ላይ ሌሊት ተነሥተን የዝናብ ውኃ የለካን ሰዎች የካሉብንም ውኃ ለክተን፣ ውጤቱን በሶማሊኛ ለነዋሪው ማንበብ አያቅተንም። ቁጥር በሌለበት ወሬና ማስተባበያ ብቻ ነው የሚቀረው።

*

ሌሎችስ ምን ሆኑ? ሁለት አገር ብቻ ላንሳ።

በናይጄሪያ ኦጎኒላንድ ነዳጅ ማምረት እ.ኤ.አ. በ1993 ቆመ። ከ18 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2011፣ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ሄዶ ሲመረምር በብዙ ቦታዎች ብክለቱን 5 ሜትርና ከዚያ በላይ ጥልቀት ላይ አገኘው። ሙሉ በሙሉ ለማገገም ከ25 እስከ 30 ዓመት ሊወስድ እንደሚችልም ጻፈ። ነዳጁ ቆመ፤ ጉዳቱ ግን አልቆመም።

አሜሪካኖች ደግሞ ሀብታም ናቸው፣ ሕግም አላቸው፣ ታዲያ እነሱስ? ቆፋሪው ኩባንያ ከስሮ ወይም ጠፍቶ ባለቤት አልባ የቀሩ ጉድጓዶችን ለመድፈንና ቦታውን ለማስተካከል እ.ኤ.አ. በ2021 ከመንግሥት ካዝና 4.7 ቢሊዮን ዶላር መደቡ። ትርፉን ኩባንያ ወሰደ፣ ዕዳውን ግብር ከፋይ ተረከበ። በእንግሊዝኛ እነዚህን ጉድጓዶች የሚጠሯቸው «ወላጅ አልባ» እያሉ ነው። ስሙ የኛን የማኅበር ደን አላስታወሳችሁም?

*

እንግዲህ ለጠየቀኝ ተማሪዬ መልሴ ይሄ ነው። መሬቱ ምን እንደሚሆን የሚወሰነው ጋዙ ሲያልቅ አይደለም፤ ዛሬ ነው። የወሎ ታሪክ የሚያስተምረን አራት ጥያቄዎችን አስቀድሞ መጠየቅን ነው፦

1. ለመልሶ ማዳኑ የሚሆነው ገንዘብ ከመጀመሪያው ሽያጭ ጀምሮ ለብቻው ይቀመጣል ወይ? የማዕድን ሥራዎች አዋጅ 678/2002 ባለፈቃዱ ለመሬት መልሶ ማገገሚያ ገንዘብ እንዲይዝ ይጠይቃል። ጋዙም ከዚያ ያነሰ አይገባውም።

2. የተመለሰው መሬት የማን ነው? ግጦሹ ወደ እነማን ጎሣ፣ በምን ስምምነት ይመለሳል? ወይስ እንደኛ ዳገት «የሁሉም» ተብሎ የማንም ይሆናል?

3. የመሬቱ ሰው ተጠይቋል ወይ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 92 ሕዝብ በሚነካው የአካባቢ ዕቅድ ላይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት ሰጥቶታል። እርከን የት ይለፍ ተብሎ ያልተጠየቀ ገበሬ ምን እንዳደረገ አይተናል።

4. በ10ኛው ዓመት ሄዶ የሚያይ ማን ነው? ስሙ የታወቀ፣ ደሞዙ የታወቀ፣ ሪፖርቱን ለሕዝብ የሚያወጣ።

አንዳንዶቻችሁ «ቲቸር፣ ገና ሥራ ሳይጀምር ስለ መዝጊያው ታወራለህ» ትሉኝ ይሆናል። አዎ። ወላጆቻችን እርከን ሲሠሩ ስለ ማግስቱ ቢነጋገሩ ኖሮ ድንጋዩን ሁለትና ሦስት ጊዜ ባልተሸከሙት ነበር። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በየዓመቱ ጥርና የካቲት ሲደርስ ገበሬው ለተፋሰስ ሥራ እንደገና ይወጣል፤ አንዳንዱ አባቱ በካበበት ቦታ ላይ ነው እንደገና የሚክበው።

ለማጠቃለል አንድ ነገር ልለምናችሁ። ክረሚ የተጠቀመው የድሮ ፎቶ ነበር። በየቤታችሁ አልበም አለ፤ የሠርግ፣ የምረቃ፣ የሽርሽር ፎቶ፣ ከኋላ ጦሳ ወይም አዝዋ ገደል፣ የጎፍ ወይም የቦርከና ሜዳ የሚታይበት። ዓመቱን የምታውቁትን ፎቶ አስተያየት መስጫው ላይ ለጥፉልኝ፤ ቦታው አሁን ምን እንደሚመስል አቅራቢያው ያላችሁ ሄዳችሁ አንሡት። ጎን ለጎን አድርገን እናያለን። በሶማሌ ክልል የምትሠሩ ተማሪዎቼም አላችሁ፤ እናንተ ደግሞ የካሉብን፣ የሽላቦን መሬት ዛሬ ባለበት ሁኔታ፣ ግጦሹንም ኤላውንም፣ ከተፈቀደላችሁ አንሥታችሁ አስቀምጡ። ከ30 ዓመት በኋላ «ድሮ እንዴት ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ አይጠፋም።

ሰላም ሁኑ፣ አብሽሩ።